ካርድ ያወጣ ሽማግሌ

ቡታጅራ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳቢሪን ሙስተፋ
ጅማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል የኔ እናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ለሰላምታው ነው፤ ዝርዝሩ ከታች ይመጣል። ስልክ እያለ አባቴ ምን ሆኖ ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም፣ ሱቁም አልተቃጠለም። ምክንያት አለኝ፤ ስደርስበት እነግርሻለሁ። ደግሞ በስልክ ገና አፌን ስከፍት "ክላስ ልገባ ነው አባዬ" ትዪኛለሽ፤ ወረቀት እንደሆነ ከክላስ እስክትወጪ ይጠብቅሻል።

ባለፈው ወር ለሥነ ልቦና ልምምድ የምትመደቢበትን ቦታ መርጠሽ እንደምታስገቢ ስትነግሪኝ፣ አንደኛ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ጅማ፣ ሦስተኛ ቡታጅራ አልሽ። ሦስተኛ! እትብትሽ የተቀበረበት አገር ሦስተኛ! ለምን ብልሽ፣ "እዚያ ሁሉም ያውቀኛል። የበርበሬ ነጋዴው የሙስተፋ ልጅ እያሉኝ ማን ጭንቀቱን ያወራኛል?" አልሽኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ይቺ ልጅ የሚለማመዱበትን ክፍል መቼ አየችውና ነው፣ ሄጄ አይቼላት ላሳምናት አልኩ። ሠላሳ ዓመት ስነግድ ዛላውን ሰብሬ ሳላሸት በርበሬ ገዝቼ አላውቅም።

እንዲህ ላለ ጉዳይ ደግሞ ብቻን አይኬድም። ጎረቤታችንን መምህር በኃይሉን ለመንኩት። እንደምታውቂው ከጎጃም መጥቶ እዚሁ አስተምሮ፣ እዚሁ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የዚህ ከተማ ግማሽ ትዳር በእሱ ሽምግልና የቆመ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ ሊያስጠይቅ ሲሄድ እሱን ያስቀድማል። ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ከተፍ አለ። እኔም ሱቄን ሳልከፍት ሱፌን ለበስኩና በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን።

በር ላይ ጥበቃው "ወዴት ነው?" አለን።

"የሥነ ልቦና ሐኪሞቹ የሚለማመዱበት ክፍል።"

"ካርድ ሳያወጡ አይገባም።"

"እኛ እኮ ሽማግሌዎች ነን" አለው መምህር በኃይሉ።

"ሽማግሌም ካርድ ያወጣል።"

ማን ያውጣ ተባባልን። መምህር በኃይሉ "ልጅቷ ያንተ ናት" አለና በእኔ ስም ወጣ። ያ ካርድ ነው ጉድ የሠራኝ። ሲስተር እየሩስ የምትባል ነርስ ወዲያው ግፊቴን ለካችኝ፣ እንቅልፌን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ወረፋ አስያዘችን።

ክፍሉ ውስጥ ያገኘነው ኢዮብ የሚባል ልጅ ነው። ካንቺ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው፤ እሱም እንዳንቺው ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ለልምምድ ከአዲስ አበባ የተመደበ። "አረፍ በሉ አባቶች" አለን። መምህር በኃይሉ ከዘራውን ተክሎ "አንቀመጥም" አለ።

ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ታውቂያለሽ። መምህር በኃይሉም ከልማዱ ወጥቶ አያውቅም። ልጁ ግን ገና ያላገባ፣ ሽማግሌ ልኮ የማያውቅ ነው፤ ግራ ገባው።

"ለምንድን ነው የማትቀመጡት?"

"የመጣንበትን ሳትፈቅድልን አንቀመጥም።"

"የመጣችሁበት ምንድን ነው?"

"መጀመሪያ እሺ በል።"

ልጁ ወረቀቱ ላይ ጫር ጫር አደረገ። መምህር በኃይሉ አስተማሪ ነውና የተገለበጠ ጽሑፍ ያነባል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይቁነጠነጣሉ ብሎ ጻፈብህ" አለኝ። ይሄኔ ነገሩን ላስተካክል ብዬ ባሰብኝ።

"ስማ ልጄ፣ እኔ ጤነኛ ነኝ። የመጣሁት ለልጄ ነው።"

"አብራዎት መጥታለች?"

"የለችም፣ ጅማ ናት።" ጻፈ።

"ታዲያ ዛሬ ምን ልርዳዎት?"

"ክፍሉን ልየው ብዬ ነው። ወንበሩን፣ መስኮቱን። ለዚሁ ብዬ ሱቄን እንኳ ሳልከፍት ነው የዋልኩት።" ይህንንም ጻፈ። ወላሂ፣ ጤነኛ ነኝ ባልኩ ቁጥር እስክሪብቶው ይፈጥናል።

በመጨረሻ መምህር በኃይሉን ጉልበቱ ከዳው። "እንግዲህ እሺ እንዳልክ ቆጥረነዋል" ብሎ ቁጭ አለ። ልጁም በትሕትና ውጭ እንዲጠብቀን ለመነው። ብቻዬን ስቀር እኔም ተቀመጥኩ። ልጠይቀው የመጣሁትን ሁሉ ጠየቅኩት።

"ለመሆኑ ሥራችሁ ምንድን ነው?"

"በብዛት መስማት ነው።"

"መስማት? እሱንማ እኔ ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስሠራው ነው የምውለው!"

"እርስዎንስ ማን ይሰማዎታል?" አለኝ።

ይሄ ልጅ ደግሞ ዝም ሲሉት አብሮ ዝም ይላል፤ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ይፈራል። ቆይቶ "ልጅዎ እዚህ ብትመደብ ለእርስዎ ምን ይለወጣል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ቤቱ ይከፈታል" አልኩት። አመለጠኝ።

ሳቢሪን፣ በስልክ ልነግርሽ ያቃተኝ ይኸውልሽ። ባለፈው ዓመት በሻዕባን ወር እናትሽን መሕቡባን፣ አላህ ይርሐማትና፣ ቀብረን፣ ለቅሶው አልቆ አንቺ ወደ ትምህርትሽ ከተመለስሽ ወዲህ እኔ ቤት አድሬ አላውቅም። የምተኛው ሱቅ ነው፣ ከጆንያዎቹ ኋላ። ማታ ስትደውዪ "ቤት ነኝ፣ በልቻለሁ" የምልሽ ውሸት ነው። "ምንድን ነው የሚንጫጫው?" ብለሽኝ ቴሌቪዥን ነው ያልኩሽ የጎረቤት ወፍጮ ነው። ብርድ መታኝ እያልኩ የማስነጥሰውም በርበሬው ነው። እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነበር።

ይህንን ስነግረው ዓይኔ እንባ አቀረረ። "በበርበሬ እጄ ነክቼው ነው" አልኩት። ልጁ ሶፍት አቀበለኝና ቀስ ብሎ "ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም ብለውኝ ነበር እኮ አባባ" አለኝ። ሠላሳ ዓመት ስነግድ እንዲህ እጅ ከፍንጅ ተይዤ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ እሄዳለሁ። ወሬው ግን እኔን ቀድሞ ገበያ ገብቷል። አክስትሽ ናጃህ "ወንድሜን ምን ነካብኝ!" እያለች የዘምዘም ውኃ ይዛ መጣች። ደንበኞቼ ደግሞ መከራከር ተዉ። የጠራሁትን ከፍለው፣ አመስግነው፣ ወደ ኋላቸው እያዩ ይሄዳሉ! አንድ ኪሎ በርበሬ ያለ ክርክር ሸጦ መዋል ምን ደስታ አለው? ይህንን ስነግረው ነው ኢዮብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት።

ልጁ የቤት ሥራም ይሰጣል። በስልሳ ሦስት ዓመቴ የቤት ሥራ! የመጀመሪያው፣ ቤቱን በቀን ከፍቼ ትንሽ እንድቀመጥበት ነበር። መምህር በኃይሉ ካልሸኘሁህ አለኝ። ከፈትኩ። አይጥ የሶፋውን አንድ እግር ጨርሶታል። መምህር በኃይሉን ተቀመጥ ብለው "አንተ ሳትቀመጥ አልቀመጥም" ብሎ በሩ ላይ ተገተረ። እኔ ደግሞ ሶፋውን የማስደግፍበት ነገር ፍለጋ ከእናትሽ አልጋ ሥር እጄን ሰደድኩ።

እነዚያ ቡናማ የቆዳ ጫማዎቼ ትዝ ይሉሻል? ከመስጊድ ደጃፍ ተሰረቁ ብዬ የጀማዓውን እግር ስሰልል የከረምኩባቸው? በትራስ ልብስ ተጠቅልለው ከአልጋው ሥር ተቀምጠዋል። ሁለተኛ ዲግሪ የገባሽ ሰሞን መሕቡባ "ይሄን ጫማ ወፍጮ ቤት ለወፍጮ ቤት ስትዞርበት ልትጨርሰው ነው፤ ልጅቷ ስትመረቅ በምን ልትቆም ነው?" ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ለካ ወስዳ ደብቃዋለች! እኔ ሌባውን ስረግም እሷ "አላህ ይተካልሃል" እያለች ሻይ ትቀዳልኝ ነበር። ፊቷ ላይ አንዲት ነገር እንኳ አይነበብም ነበር። ምን ዓይነት ሴት ናት!

ስቄ ሳልጨርስ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የዚያን ቀን እጄ ላይ በርበሬ አልነበረም። መምህር በኃይሉም አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ኋላ ለማንሳት ተቸግሬ ነበር።

ሁለተኛው የቤት ሥራ ይህ ደብዳቤ ነው። "እውነቱን ከእርስዎ ትስማ" ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

አሁን ወደ ምርጫሽ ልመለስ። ሆስፒታል የሄድኩት ቡታጅራን አንደኛ አድርጊ ልልሽ ነበር። አሁን ግን ጭራሽ ሰርዢው። ለካ የጠራሁሽ ለትምህርትሽ ብዬ አልነበረም፤ ቤቱን እንድትከፍቺልኝ ነበር። ቤቱን እኔው ከፈትኩት። ኢዮብ ሰኔ ላይ ጨርሶ ይሄዳል፣ በቦታው ሌላ ልጅ ይመጣል። ያቺ ልጅ አንቺ ከሆንሽ እኔ ወዴት ልሂድ? ላንቺማ "ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ" ማለት ለምዶብኛል። ሐሙሴን አትውሰጂብኝ። ቤት መምጣቱንማ ለዒድ ትመጪያለሽ፤ እሱ ልምምድ አይደለም።

በምትሄጂበት ቦታ ግን አደራ ልበልሽ። አንድ ቀን ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ መጥቶ "እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ክፍሉን ላይ ነው" ቢልሽ፣ ክፍሉን አሳዪው። አልቀመጥም ካለሽ ይቁነጠነጣል ብለሽ አትጻፊበት። አንቺም ተነሺና አብረሽው ቁሚ፤ ሲደክመው ይቀመጣል።

መምህር በኃይሉ ሰላም ብሎሻል። ትናንት በራሱ ስም ካርድ አውጥቷል። "አንተን ለመከታተል ነው" ይላል፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

አላህ ዕውቀትሽን ለሰው የሚጠቅም ያድርግልሽ፤ እናትሽ የጓጓችለትን ቀን ያሳየን። ጫማውን ቀለም አስቀብቼ አስቀምጬዋለሁ።

ማታ ደውዪልኝ። ቤት ነኝ።

አባትሽ ሙስተፋ