ስለ ስኳሬ ከእኔ ቀድመው ለሚያውቁት ኃላፊ

ለክቡር አቶ እስክንድር
የማመላለሻ ድርጅታችን የሾፌሮች ደኅንነት ኃላፊ
ሪያድ፣ ዐዚዚያ

ክቡር ሆይ! ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ የእኔን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ስለሚያውቁት መግለጽ አያስፈልገኝም። ደብዳቤዬን በሾፌሮች ዋትሳፕ ላይ ማኖሬን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ስኳር ሕመሜ የልቤን የደም ሥሮች ማጥበብ መጀመሩን ዶክተር ምሕረት ስትነግረኝ ቀድመው የደረሱልኝ እርስዎ ነበሩ። ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀን ከሌት ስኳር የሚከታተል መለኪያ፣ ውጤቱን ከሚያስተላልፍ ትንሽ ስልክ ጋር በነጻ ሰጡኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ዕለት መርቄዎታለሁ። ዶክተሯም እንደኔ ላለ ሰው ትልቅ ነገር ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር፤ ስለዚህ በመሣሪያው ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም።

አንደኛ፦ ስልኩ ከኪሴ ሳይለይ የይለፍ ቃሉ ለምን እርስዎ ዘንድ እንደቀረ፣ የማስጠንቀቂያ ድምፁም ለምን እንደተዘጋ እስካሁን አልገባኝም። ስኳሩ የእኔ፣ ልቡም የእኔ፣ ማየቱ ግን የእርስዎ ሆነ። ይህን ሸክም ስላቀለሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፦ ቁርሴን በልቼ አፌን ሳልጠርግ ምን እንደበላሁ የሚጠይቅ መልእክት ይደርሰኛል። እናቴ እንኳ እንዲህ ተከታትላኝ አታውቅም! አንድ ተምር ቀምሼ ተደውሎ ተገሥጫለሁ። ይህ ሁሉ አሳቢነት ዕድሜያችን ገፍቶ ውላችን ሊታደስ ለተቃረበ ሾፌሮች ብቻ መታደሉን ሳይ ግን የማሰናበቻ ሰበብ እንዳይሆን ጠረጠርኩ፤ ክፉ ልብ አለብኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ሦስተኛው ሆዴን የበላው ነው። ባለፈው ወር ከመንሱራ ሰፈር ሠራተኞች ጭኜ እንደወጣሁ ላብ አጠመቀኝ፣ መንገዱ ብዥ አለብኝ። አውቶቡሱን እንደምንም ጥግ አስይዤ አቆምኩት። ስኳር ሲወርድ የታመመ ልብን ምት እንደሚያዛባ ዶክተሯ ነግራኝ ስለነበር፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ኑርያ የምትባል ተሳፋሪ እህታችን ጁስ ባታጠጣኝ ዛሬ ይህን የምጽፈው እኔ አልሆንም። በማግስቱ ቢሮ ጠርተው፣ በዚያች ሰዓት ስኳሬ እጅግ ወርዶ እንደነበር በስልክዎ ማየትዎን ነገሩኝና፣ ለመንዳት ብቁ ስለመሆኔ እንደሚያስቡበት አከሉ። ለካስ እያዩኝ ኖሯል! ለአንዲት ተምር የሚደውል ስልክ ልሞት ስል ምነው ዝም አለ? ሥራዬ ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ይሄዳል፤ ኢቃማዬ ከሄደ ሕክምናዬም ኸላስ፣ አበቃ። እርስዎ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ይሰጠኝ፣ ድምፁም ይከፈት። ልቤ ሲደክም ከቢሮው በፊት እኔ ልስማ።

ስኳሬ ሲጨምር የማይለዩኝን፣ ሲወርድ ደግሞ እንዳይረብሹኝ የሚጠነቀቁትን ክቡርነትዎን እጅ እየነሳሁ፣

ሙሀባው
እስከ ዛሬ ሾፌር

የረሳሁት፦ ስኳሬ ከልክ ማለፉንና ከእሑድ ጀምሮ መሪ እንዳልይዝ የሚያስታውቀው የትናንት መልእክትዎ ደርሶኛል። ሆኖም ከሳምንት ወዲህ እኔ ስኳሬን የምለካው ጣቴን እየወጋሁ ነው፤ የክንዴ መለኪያ ጊዜው አልቆ የተተካልኝ አዲሱ መለኪያም ስልኩም ያሉት ከባለቤትዎ ወንድም ከሾፌር ፋሲል ጋር ነው። እርስዎን መጠርጠሬ አናዶት፣ ነገሩ ክፋት እንደሌለበት ላሳይህ ብሎ በገዛ ክንዱ ላይ ለጠፈው። ምስኪን፣ ስኳር እንዳለበት እሱም አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ዶክተር ምሕረት ዘንድ ወስጄዋለሁ፣ ይህንንም እንድጽፍ የፈቀደው እሱ ነው። የእሱንም መሪ ይቀሙት እንደሆነ፣ ወይስ ደውለው እንዴት ዋልክ ይሉት እንደሆነ፣ እኛም እኅቱም መልስዎን እንጠብቃለን።