በ‹ዌይት› እና በ‹ኤክስፔክት› መካከል

ውድ ነገረኛዋ የልጅ ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ መጀመሪያ የምትገልጪው የመጨረሻውን ገጽ እንደሆነ አውቃለሁ። ልብ ወለድ እንኳ ከጭራው ነው የምትጀምሪው። እባክሽ እጅሽን ሰብስቢና ከዚህ አንብቢ። እናትሽ ደህና ናት። አሁን ከጎኔ ጋደም ብላ እያንኮራፋች ነው፤ ስትነቃ ብትጠይቂያት ትክዳለች። የሌላዋን ነገር ግን በወጉ፣ ከሥሩ ጀምሬ ነው የምነግርሽ።

አዎ፣ ሌላዋ። እህት አለሽ። ትወለዳለች ከተባለበት ጊዜ ሁለት ወር ከምናምን ቀድማ ከች አለች። በችኮላ አንቺን ሳትመስል አትቀርም። እናትሽ ገና አልጋ ላይ ሳለች፣ “አባዬ፣ ፈተናዋን ሳትጨርስ ትንፍሽ ብትልባት አንላቀቅም!” አለችኝ። ስለዚህ በስልክ “ሁሉም ሰላም ነው” እያልኩ ስሸውድሽ ሰነበትኩ። አሁን መጨረስሽን ስሰማ ብዕር አነሳሁ። ለምን አልደወልክም ትዪ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ ገና ከመጀመሬ አቋርጠሽኝ ታለቅሻለሽ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም።

“እንግሊዝኛ ካላስተማርኩህ” ብለሽ ፍዳዬን ያሳየሽኝ ሰሞን ትዝ ይልሻል? አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመን፣ ‹ዌይት› ማለት መጠበቅ ነው አልሽኝ። እሺ ብዬ ያዝኩ። ወዲያው ደግሞ ‹ኤክስፔክት› ማለትም መጠበቅ ነው አልሽኝ።

“ታዲያ ሰዎቹ ቃል ተርፏቸው ነው?” አልኩሽ። “የእኛዋን ተመልከቻት። አንዲት ቃል አውቶቡስ ትጠብቃለች፣ እንግዳ ትጠብቃለች፣ ሲመሽ ደግሞ ዘበኛ ሆና ግቢ ትጠብቃለች። ደሞዝ ሊጨመርላት ይገባል።”

“አባባ፣ ከምር ነው የማወራህ! ዌይት ስታደርግ ቆመህ ጊዜውን ታሳልፋለህ፤ የሚመጣው ይምጣ አይምጣ ግን አታውቅም። ኤክስፔክት ስታደርግ ደግሞ እንደሚመጣ ልብህ ተቀብሎታል።”

“እንግዲያው ሁለተኛዋ ቃል እዚህ ፌርማታ ላይ አታገለግልም።”

ከኋላችን የቆመችው ሴትዮ በሳቅ ፈነዳች። አንቺ ግን ቱግ አልሽ። “ነፍሰ ጡርን እኮ ራሱ ‹ኤክስፔክት እያደረገች ነው› ነው የሚሏት! ‹ዌይት እያደረገች ነው› አይሏትም!”

“ምን ለውጥ አለው? ዘጠኝ ወር ያው ዘጠኝ ወር ነው” አልኩሽ። ተስፋ ቆርጠሽብኝ ጀርባሽን ሰጠሽኝ። አውቶቡሱም እኔን ለማሳጣት ይመስል ዕለቱን በሰዓቱ መጣ።

ያን ቀን ተሳሳቅንና አለፈ። ሁለቱ ቃላት በእርግጥ የገቡኝ ግን በቅርቡ፣ ሸሚዜን አውልቄ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ቆይ፣ አትሳቂ፤ እደርስበታለሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጫጩት ማስፈልፈያ ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብተን እንቁላሉን በመብራት ላይ ይዘን እናያለን። እንደ ክር የቀጠነ ቀይ የደም ሥርና በመሃሉ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ካየን ሕይወት አለ ማለት ነው፤ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ከሁሉም የከበደው ሕጋችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነበር። ጫጩቶቹ ቅርፊቱን መሰንጠቅ ከጀመሩ በኋላ የማሽኑ በር አይከፈትም። ውስጥ ይንጫጫሉ፤ አንዱ አቅቶት ሲፍጨረጨር በመስታወቱ ይታያል፤ እጅህን ይበላሃል። ቢሆንም አትከፍትም። ከከፈትክ እርጥበቱ ይወጣል፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቷ ላይ ይጣበቃል። “ላግዛት” ብሎ ቅርፊት የላጠ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሞተች ጫጩት ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ እዚያ ቤት የተቀጠረ ሰው መጀመሪያ የሚማረው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መቆም ነበር። እኔም ይህን ትምህርት ከማንም በላይ የያዝኩ ሰው ነኝ።

እንግዲህ እህትሽ የተኛችበት ክፍል ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? ማስፈልፈያ! ጎንና ጎኑ መስታወት፣ ሙቀቱን የሚናገር ቁጥር ያለው፣ እርጥበቱ የተመጠነ።

“ይህን ማሽን አውቀዋለሁ” አልኳት ነርሷን፣ ደረቴን ነፍቼ። “የእኛው ግን በሺህ ነበር የሚይዘው። የእናንተ አንድ ብቻ?”

“አባባ፣ እጅዎን ታጥበዋል?” አለችኝ።

ይህችስ ቀልድ አልፈጠረባትም ብዬ ተውኳት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ፤ የእኔም ቀልድ እዚያው ጠፋ።

ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ክንድ የማትሞላ ሰው ናት። ሰው ግን ናት፤ ምንም አልጎደላትም። ጥፍር አላት። ቅንድብ አላት። ኩርፊያ እንኳ አላት፤ ያንቺኑ ኩርፊያ። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሳ ደረቷ ላይ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ይታያሉ፤ በመሃላቸው አንዲት ቦታ ትር ትር ትላለች። ዕድሜ ልኬን በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ በብርሃን ሳየው የኖርኩት ነገር ነው። የራሴ ሥጋና ደም ሆኖ፣ ያለ ቅርፊት ተዘርግቶ ሳየው ግን ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ችግሯ ትንፋሽ መርሳት ነበር። አዎ፣ ትረሳዋለች። ድንገት ዝም ትላለች፤ ማሽኑ ይጮኻል፤ ነርሷ እጇን በማሽኑ ጎን ባለችው ትንሽ መስኮት ሰድዳ እግሯን ኮርኮር ታደርጋታለች፤ ያኔ ታስታውሳለች። ዶክተሩ፣ “ይህ እየቀነሰ ከሄደ ትተርፋለች፤ እየባሰ ከሄደ ግን ከአሁኑ ምንም ማለት አልችልም” አለን። አባትሽ ጭነት ይዞ ሩቅ አገር ወጥቷል፤ መንገድ ላይ ድልድይ ተሰብሮበት ከወዲያ ማዶ ቀርቷል። እኔና እናትሽ ብቻ ነን።

እኔ ደግሞ የማውቀውን ሥራ ያዝኩ። እናትሽ በመስኮቱ እጇን ልታስገባ ስትል፣ “ዝጊው! ሙቀቱ ይወጣል!” እላታለሁ። አባቷ በማሽን ያረጀ ሰው ነውና አመነችኝ። ሁለታችንም እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እንደ ዘበኛ ተገተርን። ነርሷ አየችን፣ አየችንና፣

“ማነው እንዳትነኪያት ያለሽ?” አለቻት።

እናትሽ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። አሳልፋ ሰጠችኝ!

“በሥራችን በሩ ከተከፈተ ጫጩቷ ትሞታለች” አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

“አባባ፣ እናንተ ጋ ማሽን ውስጥ የሚገባው ዶሮዋ ያልታቀፈችው እንቁላል ነው። ይህች እናት አላት!”

ከመስኮቱ ፊት ለእናትሽ ገለል አልኩላት።

እናትሽ መንካት ጀመረች፤ ነገር ግን ብዙም ሳትቆይ ትኩሳት ያዛትና እስኪለቃት ወደ ልጅቷ እንዳትቀርብ ከለከሏት። ያን ዕለት ማሽኑ ደጋግሞ ጮኸ። ነርሷ እግር ኮርኩራ ሳትጨርስ እንደገና ይጮኻል። በመጨረሻ ዞር ዞር ብላ ክፍሉን ቃኘች። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

“አባባ፣ ይታጠቡና ሸሚዝዎን ያውልቁ።”

“ኧረ ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለጥየቃ ነው!”

“ያውልቁ። ደረትዎን እንፈልገዋለን።”

“ይህን ደረት ከሟች ባለቤቴ በስተቀር ፈልጎት የሚያውቅ የለም” አልኳት።

ሳቀች። በስተመጨረሻ ሳቀች። እየሳቀችም ወንበር ላይ ጋደም አድርጋ አስቀመጠችኝ፤ እህትሽን ትንፋሿን ለማሽኑ ከሚነግሩት ገመዶቿ ጋር አውጥታ በሽበታሙ ደረቴ ላይ በሆዷ አስተኛቻትና በላያችን ጨርቅ ጠቀለለችብን። “እጅዎን ጀርባዋ ላይ ያድርጉ” አለችኝ። እጄ ቶሎ እሺ አላለኝም። ለካ ከኋላ ተጣምሮ መኖር ለምዶ ኖሯል።

ክብደት አልነበራትም። ሙቀት ብቻ ነበረች። ጆሮዋ ልቤ ላይ ነው። ትንፋሿ እንደ ላባ ጫፍ ደረቴን ይነካኛል፤ ይነካኛል፤ ከዚያ ቀረ። ረሳች። ማሽኑ ሊጮኽ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከድንጋጤዬ የተነሳ ረጅም አየር ሳብኩ፤ ደረቴ ወደ ላይ ተነሳ፤ እሷም አብራኝ ተነሳች። ስተነፍስ አብራኝ ወረደች። ይሄኔ ያቺ ላባ መልሳ ነካችኝ። ማሽኑ አልጮኸም። ልብ በይ፣ ስንት ዘመን ሙሉ ሳላስበው ስተነፍስ ኖሬያለሁ፤ ይህ ያረጀ ወናፍ ለሌላ ሰው ትንፋሽ የሚያስታውስ ነገር መሆኑን ማን ነገረኝ? ነርሷ ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች። ጨርቁን አስተካከለችልን። እኔ! ዝም አልኩልሽ። አንቺ ብታዪኝ ዶክተር ትጠሪልኝ ነበር።

ያኔ ነው ፌርማታው ላይ ያልሽኝ የገባኝ። ከመስታወቱ ውጭ እጄን አጣምሬ የቆምኩት ዌይት እያደረግኩ ነበር፤ ከመጣች እሰየው፣ ካልመጣች ደግሞ እንዳይጎዳኝ ብዬ ራቅ ብዬ። እዚያ ወንበር ላይ ግን ልቤን ልብሷ፣ ትንፋሼን መንገዷ አድርጌ ስሰጣት መምጣቷን አልተጠራጠርኩም። ሌላ ቦታ የት ትሄዳለች? ስለዚህ አስተማሪዬ፣ ትርጉምሽ ልክ ነው፤ ግን ትንሽ ይጎድለዋል። ልብ መቀበሉ ብቻ አይበቃም፤ ለሚመጣው ማረፊያ መልቀቅም ያስፈልጋል። መዝገበ ቃላቱን የጻፉት ሰዎች ሸሚዛቸውን አላወለቁም መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ እናትሽ ትኩሳቱ ለቋት ዋናውን ተራ ወስዳለች። አባትሽም ደርሶ፣ ያን የሚያክል ሰውዬ፣ ሕፃን ደረቱ ላይ አድርጎ እንዳያስልባት ሳሉን እየዋጠ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። እህትሽ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ትንፋሿን አልረሳችም። ወተትም በትንሽ በትንሹ እየጠባች ነው። ዶክተሩ “ትተርፋለች” አለ፤ በግልጽ፣ እንዲያው “ምናልባት” ሳይጨምር። ገና ክብደት እስክትጨምር እዚሁ ትቆያለች፤ እስከዚያው ደረት እንፈልጋለን። የእኔን እንደሆነ ጠጉሩ እየኮረኮራት ታስነጥሳለች።

ስለዚህ ቶሎ ነይ። ስትመጪ ሽቶ እንዳትቀቢ፤ ፊት ለፊቱ በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ልበሺ። ከምሳ በኋላ ያለውን ተራ ለአንቺ አስይዤልሻለሁ።

ከእህትሽ ፍራሽ፣
አያትሽ