ሞተሩን ያጠብኩበት ቀን

ውድ አባቴ፣

ሰላምታዬን ሳላስረዝም ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ካስረዘምኩ ፈርቼ እንደማቆም አውቃለሁ። ዓባይ ቁልቁለት ላይ መኪናዎ የተጋጨችው እርስዎ ለሰው ሁሉ እንደሚናገሩት ስላረጀች አይደለም። ፍሬኗን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ አሥራ ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርዎ፤ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ግንቦት አሥር ቀን 1991 ዓ.ም. ነበር። በማግስቱ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ክብረ በዓል አሥራ አንድ ምእመናን ይዘው ደብረ ሊባኖስ ሊሄዱ ቃል ገብተው ነበር። ላንድሮቨራችን ያን ዓመት ሙሉ በሮብ ገበያ መንገድ ስትመላለስ ከርማ ሞተሯ በዘይትና በአቧራ ተለስኖ ነበር። ኮፈኑ ሲከፈት ብረት አይታይም፤ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ገለባ ሳይቀር ተጣብቆበታል። ዳገት ላይ ሲግል የሚቃጠለው ዘይት ሽታው ውስጥ ድረስ ይገባል። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ አረጋውያን ስለነበሩ ሽታው እንዳያስቸግራቸው አሰቡ። ምሳ በልተው ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ፣ “እስከዳር፣ ሞተሩን በናፍጣ በጨርቅ ጥረጊልኝ። ውኃ ግን አታስነኪው” አሉኝ። በሩ ጋ ደርሰው ዞር ብለው ደግመው ነገሩኝ፣ ውኃ አታስነኪው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውሎዬ መካኒኩ እንዳላማው ጋራዥ እንደነበር ያስታውሳሉ። ጎረቤት፣ ሴት ልጅ መኪና ሥር ምን ትሠራለች እያለ ሲያማኝ “ተዉአት፣ የምትወደውን ትሥራ” ይሉልኝ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ያን ቀን መጥረግ ብቻ አልበቃኝም። ከለቅሶ ሲመለሱ ኮፈኑን ከፍተው እንዲደነቁ ፈለግሁ።

እሳት የሚያከፋፍለውን ስፒንተሮጀንና ካርቡሬተሩን በፌስታል ሸፍኜ በክር አሰርኩ። ይህን ያስተማረኝ እንዳላማው ነው። ጭቃውን በአሮጌ ቢላ ፋቅሁት፤ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። ከዚያ ናፍጣ በቆርቆሮ ይዤ በሽቦ ብሩሽ፣ ብሩሽ የማይገባበትን ደግሞ በጥርስ ብሩሽ አሸሁት። የፍሬን ዘይት ዕቃው ክዳን ላይ ያለው ጭቃ አልለቅ ስላለኝ ክዳኑን ፈትቼ ናፍጣው ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ቁጥር ወጣ፣ አረንጓዴ ቀለሙም ታየ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ የነገሩኝን ረሳሁት። አልረሳሁትም፣ ይኸው አሁን እንኳ ልዋሽዎ ነበር። አስታውሼው ነው የተውኩት። በባልዲ ኦሞ በጥብጬ ለቀለቅሁት፣ ከዚያ ሁለት ባልዲ ንጹሕ ውኃ ደፋሁበት።

ክዳኑን ልመልስ ስል ዕቃው እስከ አፉ ሞልቶ አገኘሁት። ክዳኑን ስፈታ ከግማሽ በታች ነበር። ውኃ ገብቶበታል። በጨርቅ ከላይ ከላዩን መጥጬ ክዳኑን አጥብቄ ገጠምኩት። መሪው ጋ ገብቼ ፍሬኑን ረገጥኩ፤ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው። ምንም የለውም አልኩ። ምንም እንዳይኖረው ስለፈለግሁ ነው እንጂ ስለማውቅ አልነበረም።

እርስዎ ሲመለሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ኮፈኑን ከፍተው ካዩ በኋላ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ለረጅም መንገድ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት የፍሬኑን አየር ለማስወጣት ጎማው ሥር ተንበረከኩ። እኔን መሪው ጋ አስቀምጠው “ርገጪ” ሲሉኝ እረግጣለሁ፣ “ያዢ” ሲሉኝ እይዛለሁ። አራቱንም ጎማ እንዲህ አዳረስን። ዕቃው ውስጥ የነበረው ውኃ በቧንቧው ወርዶ እስከ ጎማዎቹ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። በእኔ እግር ነው የገፋሁት። መሽቶ ስለነበር የሚፈሰውን ቀለም አላዩትም። ዕቃው ሞልቶ ሲያገኙት ገርሞዎት ጠየቁኝ፤ የተረፈውን ዘይት ጨመርኩበት አልኩ። “ጎበዝ” አሉኝ። አባቴ፣ እስከ ዛሬ ሰው ጎበዝ ሲለኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዱ። ሴቶቹ መዝሙር እያሰሙ፣ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከኋላ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ከግቢያችን ሲወጡ እጄን አውለበለብኩ። አንድ ሰዓት ገደማ የተዋስኩትን የሽቦ ብሩሽ ልመልስ እንዳላማው ጋ ሄድኩ። ስለ ሌላ ሰው መኪና እንደማወራ አስመስዬ፣ የፍሬን ዘይት ውስጥ ውኃ ቢገባ ምን ይሆናል አልኩት።

ጎማ እየነቀለ ነበር፣ ቀና አላለም። “ሜዳ ላይ ምንም አይልሽም” አለኝ። “ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ሲግል ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ጎማ አይዝም። ፔዳሉን ትረግጪዋለሽ፣ ወለሉን ይነካል።”

ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። የማን መኪና እንደሆነ አልጠየቀኝም። መፍቻውን ጥሎ ተነሣ። ስልክ ለመደወል ቴሌ ሮጥን፤ የሚከፈተው በሁለት ሰዓት ነው። እሱ እዚያ ቆሞ ሊጠብቅና ቁልቁለቱ አፍ ላይ ወዳለችው ደጀን ሊያስደውል፣ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ልደርስብዎት ተለያየን። እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ፊት ለፊቱ ቆሜ አስቆምኩ። ሾፌሩ በጣም ተቆጣ። አባቴ ፍሬን የለውም አልኩት። ከዚያ በኋላ በሩን ከፈተልኝ።

ያን መንገድ እንዴት ብዬ ልጻፍልዎ። ጠጠሩ እንደ ልብ አያስነዳም፤ የተጫነው እህል ከባድ ነው። በየኩርባው ላንድሮቨሯ ተበላሽታ ቆማ ባገኘኋት ብዬ እጸልያለሁ። ጎማ ይፈንዳ፣ ነዳጅ ይለቅ፣ ራዲያተሩ ይቀደድ።  አእምሮዬ ደግሞ አያርፍም፤ ያን ፔዳል እግሬ ሥር ይሰማኛል፣ ወለሉን ሲነካ ይሰማኛል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። ከእርስዎ ሞት እኩል፣ እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ እፈራ ነበር። ሁለቱን ፍርሃት መለየት አቃተኝ።

ደጀን ስንደርስ አላገኘንዎትም። ዳቦ የምትሸጥ ሴት፣ ምእመናኑ ቁርስ በልተው ከሄዱ ሩብ ሰዓት አይሆንም አለችን። ስልኩ ለማንም አልደረሰም ነበር። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ጀመረ። እሱ መኪናውን በከባድ ማርሽ ይዞ ሲወርድ እኔ በመስኮቱ ወደ ገደሉ አያለሁ። መኪናችን አረንጓዴ ናትና አረንጓዴ ነገር ባየሁ ቁጥር፣ ዛፍም ይሁን ቁጥቋጦ፣ ነፍሴ ትወጣለች። ዓይኔን ልጨፍን እልና ያመለጠኝ እንደሆነስ ብዬ እንደገና እከፍታለሁ። ሾፌሩ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ታች አትይ አለኝ።

ከዚያ ከአንድ ኩርባ በኋላ የሴቶች ለቅሶ ሰማሁ። ላንድሮቨሯ በገደሉ በኩል አልነበረችም። በተራራው በኩል፣ አፍንጫዋን አፈሩ ውስጥ ቀብራ ቆማለች። እርስዎ ነዎት ወደዚያ የመለሷት። ፔዳሉ ሲከዳዎት ማርሽ ቀንሰው፣ አልቆም ስትልዎ ከገደሉ ይልቅ ግድግዳውን መርጠው እንዳጋጯት ተጓዦቹ ነገሩን። አሥሩ ሰዎች ጭረት ብቻ ነበራቸው። እማሆይ ግን አግዳሚው ተነቅሎ እግራቸው ላይ ወድቆ ነበር። ጋቢዎን እግራቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከግንባርዎ ደም እየወረደ፣ “ጥፋቱ የኔ ነው፣ አርጅታለች እያሉኝ እንቢ ያልኩ” ይሏቸው ነበር። አጠገብዎ ቆሜ ሰማሁት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቀና ብለው አዩኝና “ልጄ፣ አንቺ እንዴት መጣሽ?” አሉኝ። ማልቀስ ብቻ ጀመርኩ።

በኋላ ለሰው ሲያወሩ፣ ልቧ ነግሯት ተከትላኝ መጣች ይሉ ነበር። እኔም እንዲሁ እንዲቀር ተውኩት። እንዳላማው ብቻ ያውቅ ነበር። “ለአባትሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም” ብሎኝ፣ እስኪሞት ድረስ ባየኝ ቁጥር ሲጠብቅ ኖረ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ትራፊኩ የፍሬን ብልሽት ብሎ ጻፈ፣ መንጃ ፈቃድዎ ለስድስት ወር ታገደ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ሄደው አልተቀበሉትም። ላንድሮቨሯ ተበታትና ተሸጠች፤ እርስዎ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። እኔም ጋራዥ መሄድ ተውኩ። እርስዎ አደጋው አስፈርቷት ነው ብለው አዘኑልኝ።

እንዲህ ሆኜ እስከ ሕይወቴ ማብቂያ ልቆይ እችል ነበር። ባለፈው ጥምቀት ግን ልጄ መቅዲ እዚህ እርስዎ ቤት እያለች ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። የጎረቤታችን የድረስ ፒካፕ ደጅ ቆማለች፤ እሱ ግን እጁ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ቁልፉን ለእርስዎ ሰጠዎት። እስከ መኪናው በር ሄዱ። ቁልፉ ከእጅዎ መሬት ወደቀ። “እኔ ሰው አልጭንም” አሉ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ባጃጅ እስክናገኝ መቅዲን አቅፌ ስሮጥ፣ ከኋላዬ እየተከተሉ ያለቅሱ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ያን ቀን ግን ከእርስዎ የወሰድኩት መኪናውን ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ባለፈው ሳምንት ይጁቤ ሄጄ እማሆይ ወለተ ሐዋርያትን አገኘኋቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ባለች ጎጆ ይኖራሉ፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው።  ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

“አባትሽ ያውቃል?” አሉኝ።

አያውቅም አልኩ።

“እንግዲያው እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” አሉኝ። “እኔስ እግሬን ነው የተጎዳሁት። ሂጂ።”

አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ እፈራለሁ፤ ቶሎ ይቅር ብለውኝ ያደረግሁብዎትን ሳይቆጡበት እንዳያልፉት። ይቆጡ። መኪና ሳይፈትሹ ሰው የጫኑ ሰው አይደሉም። ፈትሸው ነበር፤ ልጅዎ ዋሸችዎት። ያን ቀን አሥራ አንድ ሰው ከገደል ያዳነው የእርስዎ እጅ ነው። ይህን ማንም ነግሮዎት አያውቅም፤ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ይህን ወረቀት በእጄ እሰጥዎና ወጥቼ ደጅ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። ሲያነቡ ፊትዎን ለማየት ድፍረት የለኝም።  ከጨረሱ በኋላ ቢጠሩኝ እገባለሁ። ባይጠሩኝም አልሄድም።

ልጅዎ
እስከዳር አስማማው
ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 2007 ዓ.ም.