ከባሕር ወለል የተቀዳው ዓመት

መስከረም 24

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ሲያልቅ ሱቅ ገባሁ። እማዬ "ስኳር መዝኚ" አለችኝ፤ መዘንኩ። ከአዲስ አበባ ወደ ነገሌ የመጣሁት የስኳር በሽታ እግሯን ስለያዛት ነው። በሽታዋን በኩንታል እየሸጠች... ይህን ብላት በሚዛኑ ነው የምትለኝ።

ከሰዓት መብራቱ መጣ። ሥራዬ ያው ማጽዳት ነው። የጥናት መርከቡ የታመቀ አየር ወደ ውሃው ይተኩሳል፤ ድምፁ ወርዶ የባሕሩን ወለል ይመታና ከሥር ካለው የረጋ ላቫ እየነጠረ ይመለሳል። ወለሉ ላይ የተቀመጡት መሣሪያዎች ይቀዱታል። መርከቡ ከሄደ በኋላም ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጠው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ያዳምጣሉ። እኔ ከቅጂው ውስጥ ሌላውን ጫጫታ አውጥቼ እጥላለሁ። የመርከብ ሞተር፣ የዓሣ ነባሪ ጩኸት... የሚፈለገው የመሬቱ ድምፅ ብቻ ነው።

የትኛው ባሕር እንደሆነ እቤት አልተናገርኩም።

መስከረም 29

ዛሬ ወጣ።

ፈርሃና፣ የወንድሜ ሚስት፣ ስክሪኑን አይታ "ይሄ መስመር መስመሩ ምንድን ነው?" አለች። እማዬ የዘይቱን በርሜል አንኳኩታ ምን ያህል እንደቀረ እንደምታውቀው ነው አልኳት። እኛም ባሕሩን እናንኳኳለን። ሳቀች። እማዬ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ትሰማ ኖሯል።

"ከሥሩስ ምን አገኛችሁ?"

"ተራራ ነው፣ እማ። ሰንሰለት ሆኖ የሚሄድ የእሳተ ገሞራ ተራራ። መሬት እዚያ ላይ እየተሰነጠቀች ነው።"

"የት ነው ባሕሩ?"

ልዋሽ አስቤ ነበር። "ቦሳሶና የመን መሃል ያለው" አልኳት።

ስልኳን አውጥታ ለወንድሜ ለዒምራን ካርድ ሞላች። ቁጥሩ እንዳይዘጋ በየወሩ ትሞላለታለች። ከሶማሊያዋ ቦሳሶ ጀልባ ከተሳፈረ ሦስት ዓመት አለፈው፤ የመን አልደረሰም፣ ወደ እኛም አልተመለሰም። "ሞተ" የሚለውን ቃል እማዬ እቤታችን አታስገባም።

ጥቅምት 6

ሽማግሌ መጣ። ለፈርሃና። የላካቸው ከያቤሎ ነገሌ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ሸህ ሰማታር ለእማዬ በቀስታ ጀመሩላት። "ከሚላ፣ ባሏ ለጠፋባት ሴት ሸሪዓው መንገድ አለው። እኔ ግን የእናት ልብ ረግጬ አላልፍም።"

"አንቱ ሬሳውን አይተዋል?" አለች እማዬ።

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ልጄ መንገድ ላይ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ተነሡ። ፈርሃና ብርጭቆ ስትሰበስብ ጓሮ ተከተልኳት። "እሷን አስለቅሼ አላገባም" አለችኝ። "ሳትፈቅድ ከዚህ ቤት አልወጣም። ግን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው መሊካ... እስከ መቼ?"



ጥቅምት 7

እማዬ ቁርስ ላይ፣ ፊቴን ሳታይ፦ "ያ መሣሪያሽ የዒምራንን ቀን ሰምቷል?"

ሰምቷል። የቅጂው ዲስክ እጄ ከገባ ጀምሮ ያንን ወር እየዘለልኩ ነው የምሠራው።

ጥቅምት 11

ሚክዳድ ዘንድ ሄድኩ፤ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ። ከዒምራን ጋር አብረው ነበር የወጡት። ቦሳሶ ላይ ወባ ጣለውና እሱ ቀረ። በወባ የተረፈ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

"አካም፣ መሊካ። ናጋ?"

"ናጋ" ብዬ ሰላምታውን መለስኩና የተሳፈሩበትን ቀን ጠየቅኩት። ሳያስብ ነው የመለሰው።

"የዚያ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ። ጀምበር ስትጠልቅ መግሪብን ሰግደው ተሳፈሩ። ሞተሩ ያስል ነበር... ባለጀልባው 'ሲሞቅ ይተዋል' ብሎ ሳቀ።" መፍቻውን አስቀመጠ። "አሁን ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

"ለሥራ።"

"ለሥራ?" አለና አየኝ። እኔም በራሴ አፈርኩ።

ጥቅምት 13

ከፈትኩት።

ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ፣ ሰባተኛው መሣሪያ ላይ። መጀመሪያ አንድ ትልቅ መርከብ ያልፋል። ከዚያ ዓሣ ነባሪ። ከዚያ ቀጭን መስመር፤ የትንሽ ጀልባ ሞተር። ይቆራረጣል። ይመጣል፣ ይመጣል፣ መሣሪያው አናት ላይ ይደርሳል... ይቆማል። ተመልሶ አይነሣም።

ትንሽ ቆይቶ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ናት፣ ግን በጣም ጥርት ያለች፤ ከተራራው ሥር የመጣች። አማካሪዬ ዶክተር ገብረአምላክ የሚፈልጓት ዓይነት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እዘል ነበር።

የዒምራን ነው? ዓሣ አጥማጅም ሞተር አጥፍቶ መረብ ይጥላል። የማያስል አሮጌ ሞተርስ የት አለ? ጀልባ ሲሰምጥ ለብቻው የሚታወቅ ድምፅ የለውም። የሰው ጩኸትም እዚያ ጥልቀት ድረስ አይሰማም።

ላፕቶፑን ከደንኩት።

ጥቅምት 14

ለዶክተር ደወልኩ። "አንድን ጀልባ ለይቶ ማወቅ ይቻላል፣ ዶክተር?"

"አይቻልም። ለምን ጠየቅሽ?"

ነገርኳቸው። "አላወቅኩም ነበር፣ መሊካ" አሉ። "ዲስኩን መልሺና የቀይ ባሕሩን እሰጥሻለሁ።"

ደግ ሰው ናቸው። አልፈልግም አልኩ። ለምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

ጥቅምት 18

አሰማኋት።

ከቀትር በኋላ ሱቁን ገርበብ አድርገን፣ እኔ፣ እሷና ፈርሃና። ድምፁ እንዳለ ቢሆን ለጆሮ በጣም ስለሚወፍር አፍጥኜ ነው። እማዬ የጆሮ ማዳመጫውን ከሻሿ ሥር አስገባች።

"ሞተር ነው" አለች።

"አዎ።"

"ቆመ።"

"አዎ፣ እማ።"

"የእነሱ ነው?"

ውሸቱን ስዘጋጅ ነው የሰነበትኩት። "አዎ፣ የእነሱ ነው፣ እዚያ ቀሩ" ልላት። አንዲት ቃል ናት፤ ፈርሃናም ነጻ ትወጣለች። ፈርሃና አፌን አፌን ታየኛለች።

"አላውቅም" አልኩ። "ማንም ሊያውቅ አይችልም።"

እማዬ አላለቀሰችም። "ከዚያስ በኋላ? የነገታውም አለ?"

"ዓመቱ ሙሉ አለ።"

"እንግዲያው አታጥፊው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሞተሩ ይነሣ ይሆናል።"

ኅዳር 2

በየቀኑ ከአስር፣ ከተሲያቱ ሶላት፣ በኋላ ትሰማለች። ሱቁን እኔ እይዛለሁ። ሞተር በሰማች ቁጥር እጇን ታነሣለች፤ ሄጄ አያለሁ። "ትልቅ መርከብ ነው፣ እማ።" እጇን ታወርዳለች።

ሰፈሩ ማማት ጀምሯል። ከሚላ ከባሕር ጋር ታወራለች ይላሉ። ምነው ባሕሩ ባወራት።

ኅዳር 9

ፈርሃና አታናግረኝም። እውነት አላት። እውነቱን ተናገርኩ ብዬ ማንን ጠቀምኩ? እማዬ ድሮ መጠበቂያ ቦታ አልነበራትም፤ አሁን ሰጠኋት። ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ሹፌሩ መኪናውን በሌላ መንገድ ያዞራል አሉ... እኔ ጎበዝ ነኝ። ቤት አፈርሳለሁ፣ ከዚያ ማስረጃ የለም እላለሁ።

ኅዳር 15

ዝናብ። እማዬ ሰማች። ምንም።

ኅዳር 21

አለቀ።

ጠራችኝ። "ይሄ ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም።"

አየሁት። የቅጂው መጨረሻ ነው። መርከቡ ተመልሶ ከላይ በድምፅ ይጠራዋል፤ መሣሪያው ጥሪውን ሲሰማ የታሰረበትን ክብደት ይለቅና ብቻውን ተንሳፍፎ ይወጣል። እንደዚያ ብዬ ነገርኳት።

"ከዚያ ሁሉ ጥልቀት?"

"አዎ።"

"የማይወጣስ አለ?"

"አለ። ደጋግመው ይጠሩታል። ካልመለሰ 'ጠፋ' ብለው ጽፈው መርከቡ ይሄዳል።"

የጆሮ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች። ገመዱን ጠቀለለች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ዒምራን ጋ ደወለች፤ ፊት ለፊቴ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው። ያቺ የቴሌ ሴት ማግኘት አይቻልም አለች፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በእንግሊዝኛ። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ብዙ ጠራሁት" አለች። "ሸህ ሰማታርን ጥሪልኝ።"

ኅዳር 23

ከጁምዓ በኋላ የሩቅ ሟች ሶላት ተሰገደለት። ግቢው በሰው ሞላ። ሚክዳድ አጥሩን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማዬም አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ የሦስቱን ዓመት አንድ ላይ። ፈርሃና እግሯ ሥር ተደፍታ አብራት።

እኔ ውሃ ሳቀርብ ዋልኩ። እንባ አልመጣም። ፓስታ ቀቀልኩ፣ ሳህን አጠብኩ። ምን ዓይነት እህት ነኝ?

ሚያዝያ 8

ፈርሃና ዒዳዋን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን ጊዜ፣ ጨርሳ ዛሬ ወደ ያቤሎ ሄደች። ሹፌሩ መኪናውን አጥቦ መጣ። እማዬ ራሷ ሻንጣዋን አሰረችላትና "እንዳትረሽኝ" አለቻት እንጂ አላለቀሰችም። ለዒምራን ቁጥር ካርድ መሙላት ከተወች ቆይታለች።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዶክተር የሚፈልጓት መንቀጥቀጥ ያቺው የሐሙሷ ናት፤ ከሁሉም ጥርት ያለችው። ከእሷ በፊት ያለውን ጫጫታ ማጽዳት ግድ ነው። ወራት ሳዘገየው ቆይቻለሁ። ዛሬ ማጥፊያውን ተጫንኩት።

ሞተሩ ጠፋ። ነጭ ሆነ። መሬቱ ብቻ ቀረ።

ያኔ ነው የመጣብኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ዒምራን ብስክሌት ሲያስተምረኝ ከኋላ ይዤሻለሁ እያለ ይለቀኝ የነበረው... እሱ ነው የመጣብኝ። ድምፄ ሱቅ ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ እማዬ እያነከሰች ገባች። ስክሪኑን አየች። መስመሮቹን ለይታ ታውቃለች አሁን።

"አጠፋሽው?"

"ዋናው አለ፣ እማ። ይሄ ለሥራው ነው።"

አጠገቤ ተቀመጠች። ጀርባዬን ስታሻሽ ቆየች።

"እኔ ዓመቱን ሙሉ ሰምቼ ነው ያለቀስኩት" አለች። "አንቺ ገና ሐሙስ ላይ ነሽ።"

የጆሮ ማዳመጫውን ከመሳቢያ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከነገ ጀምሮ ከአስር ሶላት በኋላ ሱቁን እሷ ትይዛለች።