የባቡሩን መንገድ ያልለቀቁት ወ/ሮ ኦዴት ቤሊል

ባቡሩ ለመጨረሻ ጊዜ በሳንት ዜሊ ያለፈ ዕለት በአያታችን ወጥ ቤት የተሰማ ንግግር አለ። ከደረጃው ሥር ተኮልኩለን ያዳመጥን ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ሆነናል፤ ቃል በቃል አስታውሳለሁ የሚል ከመካከላችን የለም። አያታችን አቶ ኦኔዚም ቤሊል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። «አለቀ፤ ባቡሩ ሞተ። ሐዲዱንም ነቅለው ይሸጡታል» ያሉ ይመስለናል። ልጃቸው ኦዴት ሳህን እያጠቡ፣ «ባቡሩ ይሙት አባባ፤ መንገዱ ግን ምን በደለ?» አሉ። አያታችን በዚህ ሳቁ ወይስ ተቆጡ፣ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። «ታዲያ ምን ልታደርጊበት ነው? ልታርሺው?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «በብስክሌት እሄድበታለሁ» ብለው መመለሳቸውን ግን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዛሬ የምንሸኛቸው እኚህን ሴት ነው።

ወ/ሮ ኦዴት ቤሊል ከአባታቸው ከአቶ ኦኔዚም ቤሊልና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልማ ፕሉርድ እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1941 በኬቤክ፣ በሳንት ዜሊ ሰበካ፣ በሦስተኛው መደዳ እርሻዎች ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አምስተኛ ልጅ ነበሩ። በመነኮሳይያቱ ትምህርት ቤት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ መማር የወንዶቹ ነው ተብለው በ1958 በመንደሩ አይብ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በመጀመሪያው ደመወዛቸውም ብስክሌት ገዙ። የጊዜው ቄስ፣ ሱሪ ለብሳ ብስክሌት የምትነዳ ልጃገረድ ለሰበካው ፈተና ናት ብለው ቢገሥጿቸው፣ «አባ፣ በቀሚስ ብነዳ ፈተናው አይብስም?» ብለው መለሱላቸው። ቄሱም ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሡትም።

በ1964 አናጺውን አቶ ጋስቶን ፔሩስን በቅድስት ዜሊ ቤተ ክርስቲያን አግብተው ሊዝን እና ብኖዋን ወለዱ።

ሐዲዱ በ1989 ተነቀለ። ያን ጊዜ በሦስተኛው መደዳ ሁሉም ገበሬ አንድ ስሕተት ሠራ፤ ባቡር ከቀረ መሬቱ አጠገቡ ሣር ያጭድ ለነበረው ሰው ይመለሳል ብሎ አጥሩን አስጠጋ። በአንድ የበጋ ወር ውስጥ የባቡሩ መንገድ ድንችና በቆሎ ሆነ። ወ/ሮ ኦዴት ከሥራ ሲወጡ ከቤት ቤት እየሄዱ፣ መሬቱ የመንግሥት መሆኑን፣ መንግሥትም ለብስክሌት መንገድ ሊሰጥ መፍቀዱን አስረዱ። ያልተሰደቡበት ደጅ አልነበረም። እሳቸው ግን በማግስቱ እዚያው ደጅ ተመልሰው «ትናንት የት ላይ ነበር ያቆምነው?» ይሉ ነበር።

በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥተው፣ «እሜቴ፣ ማን ነው እዚህ ድረስ በብስክሌት የሚመጣው? እኛ ጋ የሚታይ ነገር የለም!» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ወ/ሮ ኦዴትም፣ «ልክ ብለሃል፤ የሚታይም የሚጮህም ነገር የለም። ከተማ ያለ ሰው ይኼን የት ያገኘዋል?» አሉ። ባለ አራት ጎማ ሞተር ነጂዎች መንገዱን ለእኛ ስጡን ብለው በሰልፍ የመጡ ዕለት ደግሞ ብስክሌታቸውን አግድም አቁመው፣ ኮርቻው ላይ ተደግፈው ሹራብ መሥራት ጀመሩ። «እማማ፣ ዞር በይልን» ቢሏቸው፣ «እጅጌውን ልጨርስ» አሏቸው። እጅጌው ሳያልቅ ሞተሮቹ ተመለሱ።

አጥሮቹ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ መንደሩ በደቦ ወጣ። ወንዶቹ ድልድዩን ጠገኑ፤ ሴቶቹ የተፈጨ ድንጋይ በተኑ፤ ወ/ሮ ኦዴትም በአሳማ ሥጋ የተቀቀለ ባቄላ በትልቅ ድስት አቀረቡ። መንገዱ በ1995 ተከፈተ። በላርች ዛፎቹ ሥር፣ ቢቨር የሚባሉት ውኃ ገዳቢ እንስሳት በሠሩት ኩሬ ዳር፣ በተከመረው ድርቆሽ መካከል አልፎ እስከ ወንዙ ይደርሳል፤ መኪና አይገባበትም። ድንኳናቸውን በብስክሌት የጫኑ መንገደኞች ከሩቅ መምጣት ጀመሩ፤ ብዙዎቹም የወ/ሮ ኦዴትን የአተር ሾርባ ቀምሰው አልፈዋል።

አንድ ቦታ ብቻ ተቆርጦ ቀረ። የመደዳው ገበሬ የአቶ ክሎቪስ ማርኮት አያት መሬታቸውን ለባቡሩ የሰጡት ባቡር እስካለ ድረስ ብቻ ነበርና፣ በአቶ ክሎቪስ እርሻ ላይ ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነበር። አቶ ክሎቪስ በመንገዱ ላይ የብረት በር አቁመው ቆለፉት። «አያቴ የሰጡት ለባቡር ነው እንጂ ጠባብ ቁምጣ ለለበሰ ከተሜ አይደለም» አሉ። ስለዚህ መንገደኛው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ወርዶ፣ ግንድ የጫኑ ከባድ መኪኖች በሚበሩበት አስፋልት ዞሮ፣ ከእርሻው ማዶ እንደገና ይገባል። ወ/ሮ ኦዴት «በዚያ ዙሪያ አንድ ቀን ሰው ይሞታል» ማለት አልተዉም። በ1996 መጸው አቶ ጋስቶን የሚስታቸውን ምሳ ይዘው ወደ ፋብሪካው በብስክሌት ሲሄዱ በዚያው አስፋልት ላይ የጭነት መኪና ገጫቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2011 ድረስ አልተቃናም።

ከአቶ ክሎቪስ ድርቆሽ ማሳ ጫፍ ላይ አያታቸው ያቆሙት የእንጨት መስቀል አለ። ግንቦት የእመቤታችን ወር በመሆኑ የመደዳው ሰው በየምሽቱ እዚያ ተሰብስቦ መቁጠሪያ ይደግማል፤ በግንቦት ወደ መስቀል የሚወስድ በር መቆለፍም በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በተከታዩ ግንቦት ወ/ሮ ኦዴት ለጸሎቱ በብስክሌት መጡ። አቶ ጋስቶንን እኚሁ አናጺ ራሳቸው በሠሩት ተጎታች ጋሪ ላይ አስቀምጠው፣ ከኋላቸው መንደርተኛውንና ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ አስከትለው ነበር።

አቶ ክሎቪስ በሩ ላይ ቆመው፣ «ኦዴት፣ እነዚህ ሰዎች ጸሎት ያውቃሉ?» አሉ።

«አያውቁም። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣባቸው ግን አምላካቸውን ሲጠሩ ሰምቻቸዋለሁ።»

«አንቺስ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ጸሎተኛ የሆንሽው?»

«በርህን ከቆለፍክ ወዲህ።»

ወሩ ሲያልቅ በሩ ይቆለፋል። «ክሎቪስ፣ እመቤታችን ሰኔ ሲጠባ ከመንደራችን ትወጣለች እንዴ?» እያሉ ወ/ሮ ኦዴት ቁልፉ ሲዞር ቆመው ያዩ ነበር። ለሚቀጥለውም ግንቦት ይመለሱ ነበር። ለጸሎት ሳይሆን ለክርክር ይመጣሉ ያሏቸው አሉ። ከመስቀሉ ሥር አብረን የቆምን ግን ድምፃቸው በጸሎቱ መካከል የሚሰበርበትን ቦታ እናውቃለን፤ ለታይታ የሚጸልይ ሰው እዚያ ላይ አይሰበርም።

ሌላም የምናውቀው ነገር አለ። አቶ ጋስቶን ከተጎዱበት ዓመት ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር የወ/ሮ ኦዴትን ደጅ በትራክተር የሚጠርጉት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አቶ ክሎቪስ ነበሩ። ወ/ሮ ኦዴትም በጸደይ ከሜፕል ዛፍ የተቀዳ ጣፋጭ ሽሮፕ በጠርሙስ ሞልተው ከብረት በሩ ምሰሶ ላይ ያስቀምጡላቸው ነበር። ምስጋና አልተባባሉም፤ ስለ በሩም ቃል የቀነሰ የለም።

ወ/ሮ ኦዴት ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሐኪሙ ብስክሌት እንዲተዉ ቢመክሯቸው፣ «ብተወው ይተወኛል?» ብለው እስከ ሐምሌ ድረስ ነዱ። በመጨረሻም ሆስፒታል ተኝተው ሊዝን ጠርተው እንዲህ አሏት፦ «ግንድ የጫነ መኪና በሚሄድበት እንዳታወጪኝ። በባቡሩ መንገድ ውሰዱኝ። በሩ ከተዘጋ እዚያው አቁሙኝ፤ ክሎቪስ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። አሁን ጊዜ አለኝ።»

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ82 ዓመታቸው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ሊዝ እና ብኖዋ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እኅታቸው ወ/ሮ ዤርሜን፣ እንዲሁም እኛ የወንድምና የእኅት ልጆቻቸው ቀርተናል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቋቸው፣ ሾርባ ላመላለሱ፣ ለጸለዩላቸው ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። በምድር ለማያውቁት መንገደኛ ጥርጊያ ያበጁትን አክስታችንን ጌታ በደጁ አያቁማቸው፤ ጥላና ዕረፍት ወዳለበት ያስገባቸው። አሜን።

ስለ ዛሬው ጉዞ፦ የሬሳ መኪናው በአስፋልቱ ባዶውን ይሄዳል። ሣጥኑ በአቶ ጋስቶን ጋሪ ላይ ሆኖ በብስክሌት እየተጎተተ በባቡሩ መንገድ ይሸኛል። ይህ ጽሑፍ ባለፈው ሐሙስ ለኅትመት ሊሰጥ ሲል፣ አቶ ክሎቪስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ሊዝ ለአንድ ጠዋት ብቻ በሩን እንዲከፍቱላት ለመነቻቸው።

«ለአንድ ጠዋት ብዬ አልከፍትም» አሉ።

ብኖዋ ከወንበሩ ተነሣ።

«ተቀመጥ ልጄ። እናትህን አሳልፌ ተመልሼ የምቆልፍበት ጉልበት የለኝም። በሩን ከነምሰሶው እነቅለዋለሁ፤ መሬቱንም ለመንገዱ እፈርማለሁ። ብቻ፣ አሸነፈችው ብላችሁ እንዳትጽፉ።»

ሊዝ «አንጽፍም» አለቻቸው። አቶ ክሎቪስ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ከደጃፉ ሲደርሱ ጥቂት ቆሙና ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እሺ፣ ጻፉት» አሉ።