ጨው የላስን ዕለት

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ምንም አዲስ ነገር የለም። ዝናብ። ሱቁን ከፈትኩ፣ ሁለት ዚፕና የልጅ ካፖርት አዝራር ሸጥኩ። ዮላንታ ከጎን ካለው ጸጉር ቤቷ እየተመላለሰች ወሬ አቀበለችኝ። ጡረታ የወጡ ቄስ ከሌላ ከተማ ወደ ደብራችን መጥተዋል አሉ። የጠዋቱን ቅዳሴ ሊያግዙ ነው። እኔ የምሄደው የማታውን... ምን አገባኝ?

ልዘጋ ስል አንድ ሰው ገቡ። ረጅም፣ ሽበታም፣ እስከ አንገት የሚደርስ ጥቁር ሹራብ። ባርኔጣቸውን አወለቁና "እግዜር ያቅናልዎ" አሉኝ። እኛ ዘንድ ደንበኛ ሲገባ "እንደምን ዋሉ" ነው የሚለው። "እግዜር ያቅናልዎ" የሚል ቄስ ነው። ወዲያው ገባኝ። አዲሱ ቄስ ናቸው።

ጠንካራ ጥቁር ክር ፈለጉ። "ከላይ እስከ ታች አዝራር የተደረደረበት የበዓል ልብስ አለኝ፣ አዝራሮቹ ላልተውብኛል" አሉ። የክህነት ቀሚሳቸውን ነው። ክሩን ስሰጣቸው እጃቸውን አየሁ። ሰፊ፣ ጠባሳ ያለበት። መጽሐፍ ብቻ ሲገልጥ የኖረ እጅ አይመስልም። ደስ የሚል እጅ ነው።

ምን አልኩ አሁን? ይሰረዝ። አልሰርዘውም፣ ማን ያነበዋል?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ደግሞ መጡ። የሰኞው ክር ለሦስት ቀሚስ ይበቃል እኮ። ዛሬ ደግሞ መርፌ ጠፋኝ አሉ።

"አባቴ፣ ሻይ ልቅዳልዎ?" አልኳቸው። ቅር ያላቸው መሰለኝ፣ ከዚያ ሳቁ። "ኧረ እኔ አባትዎ አልሆንም። እኩዮች ነን" አሉኝ። ትሕትናቸው...

ሻዩን ቆመው ጠጡ። ሩቅ ሰሜን፣ ግዳንስክ ያለችው ልጃቸው 'ብቻህን ምን ትሠራለህ፣ ና እኔ ጋር ኑር' እያለች አስቸግራቸዋለች። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ትፈልጋለች። የኛ ቄስ አያገባ፣ አይወልድ፤ የንስሐ ልጃቸው መሆኗ ነው። ግን የንስሐ አባት "ና" ይባላል እንዴ? የዘንድሮ ሰው ሥርዓት የለውም።

"እና ይሄዳሉ?"

"የሚያስቀረኝ ካገኘሁ አልሄድም" አሉና መስኮቱን አዩ። ደብሩን ማለታቸው ነው። ሌላ ምን ሊያስቀራቸው ይችላል?

ከሄዱ በኋላ ብርጭቋቸውን ሳላጥብ ብዙ ቆየሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ማታ ቅዳሴ ላይ አየኋቸው፣ ከሕዝቡ መሃል ተቀምጠው። ጠዋት ቀድሰው ማታ ደግሞ እንደ ማንም ምእመን! እንዲህ ያለ ቄስ አይቼ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ ማስታወቂያ ተነገረ። ደብሩ ለቅዳሜ 22 ወደ ቪየሊችካ የጨው ማዕድን ማውጫ ዋሻ የአንድ ቀን ጉዞ አዘጋጅቷል። "አዲሱ አባትም አብረውን ይወርዳሉ" ተባለ። ልቤ ዘለለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በቤተ ክርስቲያን መሃል።

ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። "ይሄዳሉ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። "ያቺን ጨው ቤት ካየኋት ቆየሁ። እርስዎ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ" አሉ። እሳቸው እንደሚሄዱ እኮ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል። ለምን እንዲህ አሉኝ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ዮላንታ ያዘችኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰሞኑን ከንፈርሽን ትቀቢያለሽ። ማን ነው?"

"ማንም።"

"ማንም የሚባለው ሰውዬ ጥቁር ሹራብ ይለብሳል?"

"ዝም በይ። ቄስ ናቸው እኮ።"

የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ። "ያ ሰውዬ? ባለፈው ጸጉሩን ላስተካክለው መጥቶ ነበር፣ ቄስ ነኝ አላለኝም።"

"አይሉሽም፣ ትሑት ናቸው።"

ዮላንታ ራሷን ነቀነቀች። "እንዲያ ያለ ዓይን ይዞ ቄስ... ተይው በቃ ሮማና። ሰማይ ቤትም እዚህም ታፍሪያለሽ።"

እውነቷን ነው። ጉዞው ይቅርብኝ። አልሄድም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

አልሄድም።

አርብ፣ ኖቬምበር 21

እሄዳለሁ። ጨው ለማየት ነው የምሄደው። ከመንደር መጥቼ ክራኮቭ ስኖር ጸጉሬ ሸበተ፣ አንድ ቀን ወርጄ አላየሁትም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የተዘጋ ቦታ ያፍነዋል፣ እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም ነበር። ዓለም ሁሉ ከየት ከየት መጥቶ ሲያይ! በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለኔ ነው።

ሰማያዊውን ሹራቤን ተኮስኩ። ለጨው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከየት ልጀምር? ሳቄ አልቆም ብሎኛል።

ከአውቶቡሱ። ቀድሜ ገብቼ ጎኔ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ዳማ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሻርፕ የተጠመጠመባቸው አጭር ወፍራም ሽማግሌ መጥተው ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አኖሩና ዘፍ አሉ።

"ተይዟል" አልኳቸው።

"ለማን?"

"ለአዲሱ አባት።"

አዩኝ አዩኝና ከት ብለው ሳቁ። "እንግዲያው ቦታውን የሚሻማ የለም" አሉና ቸኮሌት ሰጡኝ። እንዴት ያሉ ደረቅ ሰው ናቸው ብዬ ተናደድኩ። ቸኮሌቱን አልተቀበልኩም። እሳቸው፣ የኔ እሳቸው፣ ከፊት ተቀምጠው ዞር እያሉ ያዩኛል።

ከዚያ ደረጃው። የእንጨት ደረጃ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ታች... እንዴት ደስ ይል ነበር። አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ይመስላል፣ ሁሉም ግን ጨው ነው። ምሰሶ የሆኑት ግንዶች ጨው ለብሰው ነጥተዋል። አስጎብኚያችን ጢማም ጎልማሳ ነው። "ያላመነ ግድግዳውን ይላስ" አለን። ላስን። የደብሩ ሰው በሙሉ፣ መዘምራኑ ሳይቀሩ፣ ምላሱን አውጥቶ ግድግዳ ሲልስ! ዮላንታ ከላሰች በኋላ ነው ያሰበችው። "ከኔ በፊት እዚህ ጋ ማን ነው የላሰው?" አለች። "ከነገሥታቱ ጀምሮ ሁሉም" አሏት እሳቸው። ሳቅሁ። ከንፈሬ ላይ ጨው፣ ቀና ስል ዓይናቸው። አምላኬ ይቅር በለኝ አልኩ በሆዴ።

ታች ስንደርስ አስጎብኚው ቆመ። "እዚህ እንደምን አደራችሁ የለም" አለ። "ማዕድን ቆፋሪ ከወረደበት መውጣቱን አያውቅም ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሲገናኝ የሚለው አንድ ነገር ነው። እግዜር ያቅናልህ።"

ሰማሁ። አልገባኝም። ጭንቅላቴ ጨው ሆኖ ነበር።

ከጎን ካለው ዋሻ ባትሪ ግንባሩ ላይ ያሰረ ሠራተኛ ብቅ አለ። እሳቸውን ሲያይ መሣሪያውን ጣለው።

"ሉድቪክ! እግዜር ያቅናልህ!"

"ያቅናልህ፣ አንተ አይጥ። አሁንም አልወጣህም?"

ተቃቀፉ። "አንተ ሽማግሌ" አለው ሠራተኛው፣ "ስንት ዘመን ደሞዝ እየበላህ ስትወርድ ኖረህ፣ ዛሬ ቲኬት ቆርጠህ ትገባለህ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ...

"አባቴ፣ እዚህ ሠርተዋል?"

"ሌላ የት እሠራለሁ? ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚህ ነው።"

"ቄስ ከመሆንዎ በፊት?"

ከሠራተኛው ጋር ተያዩ። ዮላንታ ክንዴን ጨበጠችው።

"ማን ነው ቄስ?" አሉ።

ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ዳማ ኮፍያ ያደረጉት ሽማግሌ ሻርፓቸውን ዝቅ አደረጉት። ነጭ የቄስ ኮሌታ። "ክሌመንስ እባላለሁ ልጄ" አሉኝ። "ቦታዬን ስለጠበቅሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። ቸኮሌቱን አሁን ትወስጃለሽ?"

ወሰድኩ። ምን ላድርግ?

ወደ ጨው ቤተ ክርስቲያኑ ገባን። ወለሉ ጨው፣ መሠዊያው ጨው፣ ጣራው ላይ የተንጠለጠሉት መብራቶች ጨው። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ። እኔ ሳቄ መጣ። ያፈንኩት መሰለኝ፣ ከዚያ በአፍንጫዬ ወጣ፣ ከዚያ ግድግዳው መልሶ አስተጋባው። አስጎብኚው ቆጣ ብሎ አየኝ። አባ ክሌመንስ "ተዋት፣ ይህች ሴት ዛሬ ከብዙ ኃጢአት ነጻ ወጥታለች" አሉት።

ሉድቪክ ጥግ ወሰደኝ። "ሮማና፣ ለምን ነው ቄስ ያደረግሽኝ?" ሁሉንም ነገርኩት። ሰላምታውን፣ ጥቁር ሹራቡን፣ የአዝራሩን ቀሚስ። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ያ ልብስ የቆፋሪዎች የክብር ልብስ ነው። የቆፋሪዎች ጠባቂ በሆነችው በቅድስት ባርባራ ቀን ይለብሱታል። ልጁም የንስሐ ልጁ አይደለችም፣ ሊዲያ የምትባል ከአብራኩ የወለዳት ልጁ ናት። ሚስቱ ስትሞትበት ቪየሊችካ ያለውን ቤት መቋቋም አቅቶት ነው ወደ እኛ ሰፈር የመጣው።

"እኔ ደግሞ አባቴ ስትዪኝ በሽበቴ የምታሾፊ መስሎኝ..." አለና አፈረ። "ዮላንታ ጋር ሄጄ ጥቁር ቀለም ቀቢኝ ብያት ነበር። ያስጠላብሃል ብላ መለሰችኝ።"

ይኸው "እሱ" ብዬ እየጻፍኩ ነው። ከየት ጀምሬ ነው እሱ ያልኩት? ተመልሼ ላስተካክለው? አላስተካክልም።

ስንወጣ ጠባብ አሳንሰር ውስጥ ጫኑን። ጨለማ፣ ሰው በሰው ላይ። እጄን ያዘኝ። በዚህ ሁሉ ሰው መሃል እጄን ያዘኝ፣ ላይ እስክንደርስም አልለቀቀኝም። ደስ ብሎኛል። ሌላ የምጽፈው ቃል የለኝም፣ ደስ ብሎኛል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ማታ ቅዳሴ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። አባ ክሌመንስ ሲያልፉ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ቄስ ይጠቅሳል?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ደስታዬን ራሴው ላበላሸው ነው። ወሩ ሊያልቅ ነው እኮ። ሊዲያ መልስ እየጠበቀች ነው፣ እሱ ምንም አላለኝም። በየቀኑ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ጨው ያወራል፣ ስለ ግዳንስክ ዝም። እኔስ ለምን አልጠይቅም? "የሚያስቀረኝ ካገኘሁ" ብሏል። በግልጽ ነግሮኝ እኔ ደብሩን ነው ብዬ አለፍኩት። ካሁን በኋላ የሚጠበቀው ከኔ ነው። ግን አንዲት ሴት አባትና ልጅ መሃል ገብታ 'እዚሁ ቅር' ትላለች? ብላስ?

...

ብያለሁ። አሁን፣ ከምሳ በኋላ። አንዲት ደንበኛ የሠርግ ልብስ አዝራር እየመረጠች ነበር። ይህኛው ይሻላል ያኛው እያለች ታደክመኛለች። እሱ በሩን ከፍቶ ገባ። ሰላም እንኳን ሳልለው አፌ አመለጠኝ።

"አትሂድ።"

አንተ አልኩት። በሰው ፊት።

በሩን ይዞ ቆመ። ደንበኛዋ አዝራሮቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰቻቸውና ዞረችበት። "ምን ይጠብቃሉ? ለሴትዮዋ ይመልሱላት እንጂ።"

"አልሄድም" አለ።

አዝራሩን በነጻ ሰጠኋት። የትኛውን እንደመረጠች አላስታውስም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

ዛሬ ቤቱ ሄድኩ። ትንሽ ቤት፣ ንጹሕ። በሊጥ የተጠቀለለ ድንችና አይብ፣ ፒየሮጊ፣ ቀቅሎ ጠበቀኝ። ጨው በዝቶበታል፣ አልነገርኩትም።

ከበላን በኋላ ለሊዲያ ደወለ። ወንበሬ ላይ ተኮማተርኩ። "ልጄ፣ አልመጣም" አላት። ሰማ። "አይ፣ አላመመኝም።" ደግሞ ሰማ። "የሚያስቀረኝ አገኘሁ" አለና ስልኩን ድንገት ለኔ ዘረጋልኝ። በዓይኔ እምቢ አልኩት። አልመለሰውም።

"ማን ልበል?" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው።

"ሮማና እባላለሁ" አልኩ። "የአዝራር ሱቅ አለኝ።" ሞኝነቴ...

"አውቃለሁ" አለች። "ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ስለ አዝራር ሱቅ ነው የሚያወራልኝ።"

እንድትቆጣ ጠብቄ ነበር። ቢያንስ እንድትቀዘቅዝብኝ። አልተቆጣችም። ከዚያ "ለገና ዋዜማ ይዘሽው ነይ... ይዘውት ይምጡ ማለቴ ነው" አለች።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የገና ዋዜማን የማሳልፈው ዮላንታ ቤት ነው። በዚያ ምሽት በየቤቱ ማዕድ ላይ በሩን ለሚያንኳኳ ድንገተኛ እንግዳ አንድ ትርፍ ሳህን ይቀመጣል። እሷ ቤት እኔ የምበላው በዚያ ሳህን ነው። ማንም ክፉ አላሰበበትም፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

"አታስቸግሪ የኔ ልጅ" አልኳት። "ትርፉ ሳህን ይበቃኛል።"

"አይሆንም" አለች። "ትርፉ የእንግዳ ነው። የእርስዎ ከአባቴ ጎን ነው።"

ስልኩን መለስኩለት። "ምን አለችሽ?" አለኝ ሉድቪክ። "የኔ ሳህን ካንተ ጎን ነው አለች" አልኩት።