የአባባ መርፌ በሰባት ሰከንድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤ ናፍቆትህ አላስቀምጥ ብሎን እንጂ ሁላችንም ደህና ነን።

ሰው ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያገላብጥ ምን አይቶ ጣቱን እንደሚገታ ሳጠና እውላለሁ። ለካ ዓይን የሚይዘው የመጀመሪያው ሰከንድ ነው! አባባ ሱቃቸው ውስጥ ልብስ ሲሰፉ እቀርጻቸዋለሁ። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ ሹልክ ሲል ቆርጬ መጨረሻውን ከመነሻው ገጠምኩት፤ ሰባት ሰከንድ ነው፣ ያለማቋረጥ ክር ያስገባሉ። «እኔ ነኝ እንዲህ ቀልጣፋ?» ብለው ሳቁ። ከአሥራ አንድ ሙከራቸው የተሳካችውን ነው የመረጥኩት። መቀስ የያዙበትን ተውኩት፤ ስልኩን ግድግዳ አስደግፌው እንኳ መቀሱ ይንቀጠቀጣል።

«ቪዲዮዎቹ ለምን እያጠሩ ሄዱ?» ብለሃል። ምን ላድርግ፣ የዘንድሮ ሰው አጭር ይወዳል።

አባባ ሰላም ብለውሃል። አሥራ አንዱም ሙከራ ያለበትን ረጅሙን ቪዲዮ ግን አልለጥፈውም፤ መጥተህ እየው።

ናፋቂህ ታናሽ እህትህ